ያልወጋሁት የጥጥ ጥቅል

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት የፋብሪካው አስተዳደር ጸሐፊ የመጨረሻውን ቅጽ ስትሞላልኝ ብዕሯን አንሥታ፣ «እትዬ ዘነበች፣ የሥራ ድርሻ በሚለው ላይ ምን ልበል?» አለችኝ።

«እሳት እንዳይነሣ ማድረግ» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። «የጽዳትና የእሳት ጥበቃ» ብላ ጻፈች፤ ማኅተም አረፈበት፤ የሥራ ዘመኔ በሦስት ቃል አለቀ።

ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ያልተነሣ እሳት አይታይም፤ ማንም አይቆጥረውም። ያስቀረሁት ብዙ ይኖራል፤ እኔም ራሴ አላውቀውም። የማውቀው ያንን በእኔ ጥፋት የተነሣውን ነው። ስንት ዘመን አለፈው፣ ዛሬም ሳስበው ያው የዚያን ቀን ድንጋጤ ነው የሚይዘኝ። ሰው ሁሉን ይለምዳል ይላሉ። እኔ ይኼን አልለመድኩትም።

ተወልጄ ያደግሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። አባቴ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ እሱ ሲሞት ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ሥራ ያዝኩ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ከጣቢያው ራቅ ብሎ ባለ የነዳጅ ማከማቻ ግቢ ውስጥ፣ በሩ ላይ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተቀምጬ የሚገባውንና የሚወጣውን ቦቴና በርሜል እመዘግባለሁ። ደመወዙ ለእናቴና ለእኔ በቅቶናል፤ ስለሱ ብዙ አልልም።

ጋሽ ሰይድን ያወቅሁት እዚያ ነው። የባቲ ሰው ነው። በወጣትነቱ ባቡር ላይ ከሰል ሲያነድድ ኖሮ፣ ኋላ የማከማቻው የእሳት ጠባቂ ሆኖ ነበር። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ግራ እጁ ከክርኑ እስከ ጣቶቹ የቃጠሎ ጠባሳ አለበት። አንድ ልማድ ነበረው። የትም ሲገባ በሩ ላይ ይቆምና መጀመሪያ ያሸታል፣ ከዚያ ያዳምጣል፣ ሰላምታ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። የማያውቁት ሰዎች ኩራት ይመስላቸዋል።

አንድ ጠዋት ተካ የሚባል በያጅ የተቀደደ የቤንዚን በርሜል ሊበይድ አመጣ። ተካ ተጫዋች ሰው ነበር፤ በመስኮቴ ሲያልፍ ሳያስቀኝ አይሄድም።

ጋሽ ሰይድ አየውና፣ «ተካ፣ እስከ አፉ ውኃ ሙላበትና በይደው» አለው።

«ባዶ እኮ ነው ጋሽ ሰይድ! ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ ከፍቼ ትቼዋለሁ። ውኃው ደግሞ ከሰዓት ነው የሚመጣው።»

«እንግዲያው ከሰዓት በይደው።»

ተካ እሺ አለ። ጋሽ ሰይድ ጣቢያው ቢሮ ተጠርቶ ሄደ። አለቃችን ደግሞ ቸኩሏል፤ በርሜሉን የሚጭን መኪና ቆሟል። መጥቶ ተካን ምን እንዳለው አልሰማሁም። የማስታውሰው የብየዳውን ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ከዚያ የመስኮቴ መስታወት ደረቴ ላይ ነበር። ድምፁን ሰማሁ ለማለት አልችልም። ጆሮዬ ውስጥ ዝምታ ብቻ ነው የቀረው። በዚያ ዝምታ ውስጥ የበርሜሉ ክዳን ከአጥር ማዶ ሲወርድ አየሁ፤ እንደ ወረቀት ቀስ ብሎ ነው የወረደው።

ተካን በቦቴ ሸራ ሸፈኑት። ጋሽ ሰይድ ሲመለስ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብሎ፣ «መዝገቡ ላይ በርሜሉን ምን ብለሽ ጻፍሽው?» አለኝ።

«ባዶ» አልኩት።

«ሙሉው ይነድዳል ልጄ፤ የሚፈነዳው ባዶው ነው። ነዳጁ ሲወጣ ትንፋሹ ይቀራል። ከዛሬ ጀምሮ ባዶ ብለሽ አትጻፊ። ያልታጠበ በይ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምጽፈው ቃል ሰው ሊገድል እንደሚችል አወቅሁ።

በዓመቱ ጋሽ ሰይድ ወደ ታችኛው አዋሽ ተዛወረ፤ ከሎጊያ ወረድ ብሎ በነበረ አንድ የመንግሥት እርሻ ውስጥ ወዳለ የጥጥ መዳመጫ። የእርሻውን ስም አልጠራም። ሠራተኛ ምረጥ ሲሉት፣ «ያቺን መዝጋቢ ስጡኝ» አለ። እናቴ አልቅሳ ሸኘችኝ። ዛሬ ሠመራ ብለው ከተማ ያቆሙበት ሜዳ ያኔ ጥቁር ድንጋይና ንፋስ ብቻ ነበር። ካሚዮኑ ላይ ተቀምጬ ሳየው ሰው ይኖርበታል ብዬ አላሰብኩም። ከካሚዮኑ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊቴን መታኝ።

መዳመጫው ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ጥጡ በአንድ በኩል ከነፍሬው ይገባል፤ መጋዞቹ ፍሬውን ይለዩታል፤ ነጩ ጥጥ ተጠቅጥቆ በሽቦ እየታሰረ በሌላ በኩል ይወጣል። አንዱ ጥቅል የሦስት ሰው ክብደት አለው። በዚህ ሁሉ መሐል ብናኝ አለ። ብናኙ ግድግዳው ላይ፣ የጣራው ብረት ላይ፣ ሞተሩ ላይ፣ ሽፋሽፍታችን ላይ ያርፋል። እኔ የአሥራ ሁለት ሴቶች አለቃ ሆንኩ፤ ሥራችን ያንን ብናኝ መጥረግ ነው። የመጀመሪያ ቀን መጥረጊያ ሲሰጠኝ አፈርኩ፤ ከጸሐፊነት ወደ ጠራጊነት የወረድኩ መሰለኝ።

ጋሽ ሰይድ ገባው። ከጣራው ብረት ላይ እፍኝ ብናኝ አነሣና ውጭ አወጣኝ። ወደ ላይ በተነው፤ በዚያችው ቅጽበት ክብሪት ጫረ። እሳቱ አየሩ ላይ «ቩፍ!» ብሎ ጠፋ። ቅንድቤ ተቃጠለ።

«ይኼ እፍኝ ነው። አዳራሹ ውስጥ ስንት እፍኝ አለ?» አለኝ።

መጥረጊያዬን አንሥቶ ሰጠኝ።

«የዚህ ፋብሪካ እሳት አጥፊ ያ ቀይ ፓምፕ አይደለም። መጥረጊያ ነው።»

ከእሱ የተማርኩት ይህ ነው። ብናኝ ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል እንጂ ከታች አይጀመርም። በንፋስ አይባረርም፣ አይመታም፤ እርጥብ ጨርቅ እያስነካሽ ታወርጂዋለሽ። የሚሽከረከረውን ብረት የያዘው ኩሽኔታ መጋሉን ለማወቅ በእጅ መዳፍ አይነካም፣ በእጅ ጀርባ ነው፤ መዳፍ ከደነደነ ይዋሻል። ማሽኑን የሚያዞረው ቺንጋ ከላላ ከመጨሱ በፊት ይጮኻል። ከጥጡ ጋር ሚስማር ወይም ድንጋይ ከገባ መጋዙ ላይ ብልጭታ ይወጣል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የዚያ ብልጭታ ጉዳይ ነው። ብልጭታው ማሽኑ ውስጥ ትንሽ እሳት ካነሣ እሳቱ ይጠፋል፤ ሁሉም ተመስገን ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ግን በዚያች ሰዓት የታሰረው ጥጥ ሆዱ ውስጥ ፍም ሊይዝ ይችላል። ታምቋልና አይነድም፤ ከውጭ ነጭና ቀዝቃዛ ነው። ለቀናት እያዘገመ ይበላና አንድ ቀን ቆዳውን ሲበሳ አየር ያገኛል።

ስለዚህ ደንባችን እንዲህ ነበር። እሳት በተነሣበት ሰዓት የታሰረ ጥቅል ሁሉ ከሌላው ተለይቶ ሜዳ ላይ፣ አንዱ ካንዱ ተራርቆ፣ አምስት ቀን ይቀመጣል። ጠዋትና ማታ በሾለ የፌሮ ብረት እስከ ልቡ ይወጋል። ፌሮው ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ በእጅ አንጓ ይነካል። ጋሽ ሰይድ የሚጠብቀው አንድ ፋቲሃ እስኪቀራ ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ አባታችን ሆይ እስክደግም። ከዚያ መዝገብ ላይ በጥቅሉ ቁጥር ትይዩ «ቀዝቃዛ» ወይም «ሙቅ» ይጻፋል። ያልተወጋ ከሆነ መስመሩ ባዶ ይተዋል፤ በኋላ አይሞላም።

እንዲህ ስድስት ዓመት ያህል ሠራን።

በሰባተኛው ዓመት የጥጥ መልቀሚያ ወራት ላይ አንድ ሐሙስ ቀን ሦስተኛው ማሽን ውስጥ ትንሽ እሳት ተነሣ፤ በደቂቃ አጠፋነው። በዚያ ሰዓት የታሰሩትን አሥራ አንድ ጥቅሎች ሜዳ አወጣናቸው። ጋሽ ሰይድ በማግስቱ ለመለዋወጫ ዕቃ ሚሌ ተላከ። ሲሄድ፣ «አምስት ቀን፣ ዘኒ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ። እሑድ ከበላይ አካል ጉብኝት አለ።

«ጓድ ዘነበች፣ ያ ሜዳ ላይ የተበተነው ጥጥ ምንድነው? ገበያ መሰለ እኮ!»

«ተለይቶ የሚቀመጥ ነው። አምስት ቀኑን አልጨረሰም።»

«ሙቅ ነው?»

«እስካሁን ቀዝቃዛ ነው።»

«ቀዝቃዛ ከሆነ ምን ቸገረሽ? ከመድኃኒት መጋዘኑ ኋላ ከግድግዳው አስጠግታችሁ ደርድሩት። ከዓይን ይራቅ።»

መድኃኒት የምንለው የጥጥ ትል መግደያውን ነው። መጋዘኑ በበርሜል እስከ ጣራው ሞልቶ ነበር። ጋሽ ሰይድ ቢኖር ኖሮ እምቢ ይል ነበር። እኔ «ጋሽ ሰይድ ነገ ይመለሳል፣ እስከዚያ...» ብዬ ጀመርኩና ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። ፈራሁ። እውነቱ ይኼው ነው። አሥራ አንዱን ጥቅሎች አስጠግተን ደረደርን።

እሑድ ጠዋት ፌሮዬን ይዤ ሄድኩ። አሥሩን ወጋሁ፤ ሁሉም ቀዝቃዛ ነው። አሥራ አንደኛው ከኋላ ነው፤ በግድግዳውና በሌሎቹ ጥቅሎች መሐል ተጣብቋል፤ ፌሮው ልቡ አይደርስም። ፊት ያሉትን ለማንሣት አራት ሰው ያስፈልጋል። ሰው ልጠራ ስል የስብሰባው ደወል ተደወለ። የሴት ሠራተኞችን መፈክር የማሰማው እኔ ነበርኩ። «ከስብሰባ በኋላ» አልኩ። መዝገቡ ላይ የአሥራ አንደኛውን መስመር ባዶ ትቼ ሮጥኩ።

ስብሰባው ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሎ ነበር። ጋሽ ሰይድ ከሚሌ ተመልሶ የኋላ ወንበር ላይ አየሁትና ደስ አለኝ፤ ሲያልቅ እነግረዋለሁ አልኩ። የእርሻው ካድሬ ስለ ምርት ዕቅድ እየተናገረ ነው። ፀሐዩ አናት ላይ ደርሷል፤ ንፋስም ተነሥቷል። በንግግሩ መሐል ጋሽ ሰይድ ብድግ ብሎ አፍንጫውን ቀና አደረገ።

«ጓድ ሰይድ፣ ተቀመጥ!» አለ ካድሬው።

ጋሽ ሰይድ አልሰማውም። ሕዝቡ መሐል በዓይኑ እኔን ፈለገኝ። አገኘኝ። «ጥቅሎቹ የት ናቸው?» አለኝ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ራስ በላይ።

እጄን ብቻ ወደ መድኃኒት መጋዘኑ ዘረጋሁ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ልጽፈው አልችልም። ወዲያው ከመጋዘኑ ኋላ ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እንዴት እንደሮጥን አላውቅም። ስንደርስ የመጋዘኑ የጣራ እንጨት ተያይዞ ነበር። የመጀመሪያው በርሜል ፈነዳ፤ ቆርቆሮው ተገንጥሎ በላያችን አለፈ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ጭሱ ቢጫ ሆነ፤ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ነበረው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይዘጋል። እንግዶቹ በመኪኖቻቸው ሲሸሹ አየሁ። ሥራ አስኪያጁ በመሐረብ አፋቸውን ይዘው «ውኃ! ፓምፑን ክፈቱ! መዳመጫው እንዳይያዝ!» ይላሉ።

ጋሽ ሰይድ ቱቦው ፊት ቆመ። «ውኃ አትክፈቱ! መጀመሪያ ቦዩን ድፈኑ! ውኃው መድኃኒቱን ይዞ ወንዝ ይገባል! መዳመጫው ራቅ ያለ ነው፣ መጋዘኑ ይንደድ!»

«የመንግሥት ንብረት ይንደድ ነው የምትለው?» አለው ካድሬው። ጋሽ ሰይድን ሁለት ሰው ጎትቶ አስወገደው። ፓምፑ ተከፈተ።

ከዚያ ያንን አየሁ። ከመጋዘኑ በር ሥር የሚወጣው ውኃ ነጭ ነበር። ወተት ነው የሚመስለው። መድኃኒቱ ውኃ ሲነካው እንዲህ እንደሚነጣ ስንበጠብጥ አውቀዋለሁ፤ ግን በባልዲ ነበር የማውቀው። አሁን ቦይ ሙሉ ሆኖ፣ እየተገላበጠ፣ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

ጋሽ ሰይድ አካፋ ይዞ ቦዩ ውስጥ ገባ። ሴቶቼ የጥጥ ፍሬ የሞላ ጆንያ እየተሸከሙ አቀበሉት። እስከ ጉልበቱ በነጩ ውኃ ቆሞ ጆንያ ይደረድራል። እኔም ልገባ ስል ጮኸብኝ።

«አትግቢ! ሁመድን ፈልጊና ወደ ታች ሂዱ! ከብት የሚጠጣበት ሰዓት ነው! ንገሯቸው!»

ሁመድ የእርሻው የውኃ በር ጠባቂ ነው፤ አፋር ነው፤ ታላቅ ወንድሙ አይዳሂስ ከወንዙ በታች ከብቶቹን ያሰማራል። ሁመድ አንድም ቃል አልጠየቀኝም። የእርሻውን ላንድሮቨር የሚነዳውን ሰው እጅ ይዞ ጎተተው። በቁጥቋጦው መሐል፣ መንገድ በሌለበት ሄድን። ሁመድ በመስኮት ወጥቶ እየተንጠለጠለ በአፋርኛ ይጮኻል፤ ድምፁ ተዘጋ፣ እሱ ግን አላቆመም።

ስንደርስ የመጀመሪያዎቹ ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው መጥተዋል። ውኃው ገና እዚያ ነጭ አይደለም፤ ትንሽ ደፈረስ ብሎ ነበር፤ ለማያውቅ ምንም አይመስልም። ከብቶቹ ግማሹ ወንዙ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ገና ከዳገቱ እየወረደ ነው። ሁመድ ከመኪናው ዘልሎ ከሚወርዱት ፊት ቆመና በሽርጡ እየመታ መለሳቸው። አይዳሂስ ወንድሙ ያበደ መሰለው፤ ዱላ አነሣበት። በኋላ ዓሦቹን አየ።

እኔ ያየሁት አንዲት ልጅ ነው። የአይዳሂስ ልጅ ፋጡማ፣ የፍየል ቆዳ ስልቻ ሞልታ ወደ አፏ ልታስጠጋ ስትል ደረስኩባት። ነጠቅኋትና መሬት ላይ ደፋሁት። ውኃዋን የቀማኋት መስሏት ፊቴን በጥፍሯ ቧጨረችኝ። ይዣት ተቀመጥኩ። አልለቀቅኋትም። እሷ ስትጮህ፣ እዚያው ፊት ለፊታችን ከውኃው የወጣችው የመጀመሪያዋ ላም የፊት እግሯ ታጠፈ። ለሀጭ ከአፏ ወረደ። ጎኗ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ጥጃዋ። ልጅቱ መጮኋን አቆመች።

አንድ ሰዓት አልሞላም። ወንዙ ዳር ቆሞ የቀረ አልነበረም።

አይዳሂስ በድኖቹ መሐል ሄደ፤ እያንዳንዷን በስሟ እየጠራ ግንባሯን ነካ። ከዚያ መጥቶ ፊቴ ቆመና አንድ ነገር ተናገረ። ሁመድ መሬት መሬት እያየ፣ «ይህን ያደረገ ማን ነው ይላል» አለኝ።

ዝም አልኩ። ማወቁን ዐውቀዋለሁ፣ ግን ዝም አልኩ። ልጁ እቅፌ ውስጥ እያለች።

በማግስቱ ሬሳ የበሉ አሞራዎች ራሳቸው እዚያው ወድቀው አገኘናቸው። ወንዙ ለሳምንታት ሸተተ። ወደ ታች እስከየት እንደደረሰ፣ ማን እንደጠጣ፣ ማንም ሄዶ አልጠየቀም። እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አለማወቄም ይብስብኛል።

ጋሽ ሰይድ በዚያው ቀን ማታ ወደቀ። መድኃኒቱ በቆዳው ገብቶ ነበር። ክሊኒክ አልጋ ላይ ሳገኘው ላቡ ፍራሹን አርሶታል፤ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብቧል፤ የክንዱ ሥጋ ብቻውን ይዘላል። ተንበረከክሁና ሁሉንም ነገርኩት፤ ግድግዳውን፣ ደወሉን፣ አሥራ አንደኛውን።

አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ፣ «መስመሩን ሞላሽው?» አለኝ።

«ባዶ ነው።»

«ወላሂ እንዳትሞዪው» አለኝ። «ስትሞዪው ሌላ ሰው ይሞታል።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አረፈ። ሎጊያ ቀበሩት። ሴቶቼ ሁሉ ከቀብሩ ርቀን ቆመን አለቀስን።

ሌላ ሰው ይሞታል ያለው በሳምንቱ ገባኝ። ካድሬው ቢሮው ጠራኝ። ሥራ አስኪያጁም አሉ። ጠረጴዛው ላይ የእኔ መዝገብ ተከፍቷል።

«እሳቱ አሻጥር መሆኑ ተረጋግጧል» አለ ካድሬው። «ያ የውኃ በር ጠባቂ ሁመድ፣ በዚያ ጠዋት ከመጋዘኑ ኋላ ሲያልፍ ታይቷል። ተይዟል።»

«ሁመድ ሁልጊዜ ነው በዚያ የሚያልፈው፤ ወደ ውኃው በር የሚወስደው መንገድ እኮ ነው!»

«አንቺ የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ። ሁሉም ጥቅል ቀዝቃዛ ከነበረ እሳቱ ከውጭ መጣ ማለት ነው። እዚህ ጋ አንድ መስመር ረስተሻል።» ብዕር ዘረጋልኝ። «ሙዪው።»

ሥራ አስኪያጁ ላባቸውን ጠረጉ። «ዘነበች፣ ስህተት ነው። ሰው ይረሳል» አሉኝ፤ ድምፃቸው ይለምን ነበር።

ብዕሩን ያዝኩ። ልዋሽ አልችልም፤ ያዝኩት። በዚያ ዘመን አሻጥር የተባለበት ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቃል ናት፤ «ቀዝቃዛ»። ያን ጊዜ ሁመድ በመስኮት ተንጠልጥሎ ሲጮህ የነበረው ያ የተዘጋ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ብዕሩን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«አልረሳሁትም» አልኩ። «አልወጋሁትም። ፌሮው አልደረሰም፤ ሰው መጥራት ነበረብኝ፣ ስብሰባ እንዳይቀርብኝ ብዬ ተውኩት። ጥቅሉ እሳት ይዞ ነበር። እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።» ያዘዙኝ ሥራ አስኪያጁ መሆናቸውንም ተናገርኩ። አልካዱም። ጭንቅላታቸውን ያዙ እንጂ አልካዱም።

እዚያው ታሰርኩ። ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው ለቀቁኝ። ሁመድ ከእኔ በፊት፣ በወሩ ወጥቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሯቸው፤ ከዚያ በኋላ ስለሳቸው አልሰማሁም። እኔ ወደ መዳመጫው በአለቃነት ሳይሆን በጠራጊነት ተመለስኩ። ከጣራ ጀምሬ ጠረግሁ።

በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት ሁመድን «ወንድምህ ጋ ውሰደኝ» አልኩት። ከሎጊያ ወጥተን በእግር ሄድን። አይዳሂስ ግራር ሥር ተቀምጦ ነበር። ያኔ ያልመለስኩለትን መለስኩለት፤ «እኔ ነኝ» አልኩት። ሁመድ ተረጎመ። አይዳሂስ ቀና ብሎ አየኝ። የተናገረውን ሁመድ እንዲህ ሲል ነገረኝ፦ «ልጄን ስልቻ የቀማሽ አንቺ ነሽ፤ ከብቶቼን የገደልሽም አንቺ ነሽ። እኔ ከሁለቱ አንዷን ብቻ ማየት አልችልም። ይቅር አልኩሽ አልልም። ሂጂ።»

ሄድኩ።

ሌላ ዓመት አለፈ። በሚቀጥለው የመልቀሚያ ወቅት አንድ ቀን፣ መድኃኒት የጫነ ትራክተር የቦዩ ድልድይ ላይ ተገለበጠ፤ ሦስት በርሜል ተቀድዶ መድኃኒቱ ቦዩ ውስጥ ፈሰሰ። እንደ ድሮው ሰው ጥፋተኛ ፍለጋ ሲሯሯጥ እኔ መጥረጊያዬን ጥዬ ወጣሁ። ሁመድ በፈቃድ ላይ ነበር፤ ተርጓሚ የለኝም። ብቻዬን፣ በዚያ ፀሐይ፣ ወንዙን ይዤ ወደ ታች ሮጥኩ፤ ደከመኝ፣ ሄድኩ፣ እንደገና ሮጥኩ።

አይዳሂስን መንገድ ላይ አገኘሁት። የቀሩትንና የተዋለዱትን ከብቶቹን ከሩቅ ነድቶ ወደ ወንዙ እየወረደ ነው። ከብቶቹ ተጠምተዋል፤ ውኃው ሸቷቸው ፊተኞቹ መሮጥ ጀምረዋል። ወንዙም ጥርት ያለ ነው፤ ምንም አይታይበትም። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዜና ሳይለዋወጥ አያልፍም፤ የሚናገረውም ያየውን ብቻ ነው፤ ሐሰት ያወራ ሰው ቃሉ ሁለተኛ አይሰማም። እሱም እንደ ደንቡ ቆመና ጠየቀኝ። የማውቀው የአፋርኛ ቃል ጥቂት ነበር። ወንዙን አሳየሁት። «ላይ፤ መድኃኒት» አልኩ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ራሴን ነቀነቅሁ።

ውኃውን አየ። ከብቶቹን አየ። ሌላው ውኃ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እኔን አየኝ፤ ያንን ሁሉ ያደረስኩበትን ሴት።

ከዚያ በትሩን አነሣና ወደ ፊተኞቹ ሮጠ። ልጁ ፋጡማም በሌላው በኩል ሮጠች። ከብቶቹ አልመለስ አሉ፣ ጮኹ፤ አባትና ልጅ እየመቱ፣ እየገፉ አዞሯቸው። አቧራው ተነሣ። ያ ሁሉ የተጠማ መንጋ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ በመጣበት ዳገት ተመልሶ ወጣ።

እኔ ዳገቱ ሥር ቁጭ ብዬ፣ የመጨረሻዋ ጥጃ ከዓይኔ እስክትሰወር ድረስ አየኋቸው።